መጀመሪያ የሱን ቃል ንገረኝ

ሌላው ሰው አጎቴን አያን በሹመታቸው ያስታውሳቸው ይሆናል፤ እኔ ግን የማስባቸው በአንዲት ልማዳቸው ነው።

ጎንደር አጠገብ ያለው የጠዳ ሰው የሕዝብ እንደራሴ አድርጎ ፓርላማ ሲልካቸው ባላባቱ «የገበሬ ጠበቃ» አላቸው፤ ገበሬው ደግሞ «ለባላባት ያደላሉ» ብሎ አማቸው። እሳቸው ሁለቱንም ይሰሙ ነበር። ጎንደር ተመልሰው የኮሌጅ ኃላፊ ሲሆኑም ጠባያቸው ያው ነበር። የተጣላ ሰው ፊታቸው ሲቀርብ የራሱን አቤቱታ አያስጀምሩትም። «መጀመሪያ የሱን ቃል ንገረኝ፤ እሱ ‹ይኸው ነው› እስኪል ድረስ» ይሉታል።

አንድ ቀን ቢሯቸው ተቀምጬ ሳለሁ የተማሪዎች ተወካይና የወጥ ቤት ኃላፊዋ ሳይበስል በቀረበ ምስር ተጣልተው እየተጯጯሁ ገቡ። አያ ልጁን የሴትዮዋን ቃል አስነገሩት። ሁለት ጊዜ «እንዲህ አላልኩም» አለችው። በሦስተኛው «እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ረዳቷም ታማለች» ሲል ድምፁ ወረደ። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «ይኸው ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ጠብ የሚባል ነገር አልቀረም።

ባለፈው ሳምንት፣ የአርባቸው ተዝካር በወጣ ማግስት፣ እኔና ወንድሜ በጠዳው መሬታቸው ተጣላን። ምነው፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! እሳቸው ቤት እኩል ስንጮህ ቆየን። ለካ ሁለታችንም ወደ ባዶው ወንበራቸው እያየን ነበር። የሚጠይቀን ግን የለም።

እንደ ወጉ የወንድሜን ቃል ልናገር አፌን ከፈትኩ። አንዱንም አልሰማሁትም ነበር።