ዋጋውን ከፍ አድርጊላት

የወንዙ ማዶ ላይ መብራት አየሁና፣
አንቺ ነሽ ብዬ ነው የመጣሁት ገና…

ልብስ ሰፊው ከዚህ በኋላ ያለውን አያውቀውም። ዜማው አለው፤ ግጥሙ ግን እዚህ ሲደርስ ክር እንዳለቀበት የስፌት መኪና ባዶውን ይሮጣል። የጎደለውን በ«ህም ህም» ይሞላዋል። ድሮ ስንኙን የምታቀብለው ሚስቱ ነበረች። እሱ ዜማ አይስትም፣ እሷ ግጥም አትስትም፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዘፋኝ ይወጣቸው ነበር። አሁን እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሹራቧን ቁልፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። እሱ አጠገቧ እጅጌ እየዘመዘመ ግማሽ ዘፈን ይዘፍናል። ስንኙን ሲጠይቃት ለእንግዳ እንደሚደረገው በትሕትና ፈገግ ትልለታለች።

በሰፈሩ «እትዬ ቀንሱ» ነው የምትባለው። ለመርፌም ቢሆን የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍላ አታውቅም። ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያይዋት «መጣችልህ፣ ዋጋህን ጨምረህ ጠብቅ» ይባባሉ ነበር። ግን የሚጠላት አልነበረም። ከተሟገተቻቸው በኋላ የልጆቻቸውን ጤና በየስማቸው ትጠይቃለች፤ የታመመ ካለ ተመልሳ ትጎበኛለች። አንዱ የሸራ ነጋዴ እንዲያውም «እሷ ሳትከራከረኝ የሸጥኩት ዕቃ የተሸጠ አይመስለኝም» ይል ነበር።

ትውውቃቸውም ከጨርቅ ተራ ነው። እሱ የዳቦ መኪና መንዳት ትቶ ስፌት የጀመረ ሰሞን፣ አንዲት የማያውቃት ልጅ ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ ከባለሱቁ ጋር ስትሟገት አገኛት። ምን እንደነካው እንጃ፣ ጠጋ ብሎ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳሰሰና «ይሄ በአንድ እጥበት የሚለቅ ነው። ማዶ ካለው ሱቅ በቅናሽ አይቼዋለሁ» አለ። ማዶ ያለው ሱቅ የሚሸጠው ድስት ነው። ዋጋው ወረደ። እሱ የራሱን ገዝቶ ሲወጣ መታጠፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፋ እየጠበቀችው ነበር። ክንዱን ያዝ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አንተ ውሸታም» አለችው። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትዳራቸውን ዘመን ሁሉ እንዲህ ገበዩ። ለየብቻ ይገባሉ፤ አንቱ ይባባላሉ፤ አይተዋወቁም። እሷ ትሟገታለች፣ እሱ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ጠጋ ብሎ የዕቃውን እንከን ያወጣል። አልጋውን እንዲህ ገዙት፣ ምድጃውን እንዲህ ገዙት። የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር እንደማይተዋወቁ ሆነው ነው የገዙት። ሲያበቃ እሷ ቀድማ ትወጣለች። መታጠፊያው ላይ ትጠብቀዋለች፣ ክንዱን ትይዛለች፣ ትስቃለች።

የመርሳት በሽታው ሲመጣ መጀመሪያ የሰው ስም ወሰደ። ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ ቀኑንና ወሩን። ዋጋን ግን ሳይነካ ተወው። ዳቦ የሚያመጣውን ሰው ማንነቱን ረስታ «ዛሬ ደግሞ ጨመርክብኝ» ትለዋለች። ልብስ ሰፊው ይህን በሰማ ቁጥር መርፌውን ያቆምና ያዳምጣል፤ ከተቆለፈ ቤት ውስጥ የሚያውቀውን ድምፅ የሰማ ያህል።

ወደ ሐኪም መመላለሱ ደግሞ ሌላ መከራ ሆነ። ታክሲው ሞተሩን ሲያስነሳ ትደነግጣለች፤ በሩን እየደበደበች «አውርዱኝ» ትላለች። አንድ ቀን ጎረቤታቸው በኤሌክትሪክ መኪናው አደረሳቸው። ድምፅ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ራሷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ዛፎቹ ሲያልፉ እያየች ሐኪም ቤት ደረሰች። ልብስ ሰፊው እንዲህ ያለ መኪና ሊገዛ የዚያኑ ዕለት ቆረጠ። የልብስ ስፌት ቤቱን ሸጠ፤ አንዷን የስፌት መኪና ብቻ መኝታ ቤት አስገባ።

መኪና መሸጫው ሰፊና ብርሃን የሞላበት ነው፤ ወለሉ እንደ ውኃ ያንጸባርቃል። ሻጯ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃ የምትሠራ ወጣት ናት። ልብስ ሰፊው ብቻውን ሄዶ ለመከራከር ሞከረ። ግን እሱ የሚያውቀው የክርክሩን ግማሽ ነው። «ቀለሙ አቧራ ይስባል» ይልና ዝም ይላል። «ማዶ በቅናሽ አይቻለሁ» ይልና ወደ ጎን ዞር ብሎ ይጠብቃል። ከጎኑ ማንም የለም።

«አባባ፣ እየተከራከሩኝ ነው ወይስ እያዘኑ?» አለችው ሻጯ።

ባርኔጣውን አወለቀ። እሷም ትንሽ አየችውና ከመስተዋት ግድግዳው ጀርባ ወዳለው አለቃዋ ሄደች፤ የተሻለ ዋጋ ይዛ ተመለሰች። ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያው በነጻ፣ የባትሪው ዋስትና ሙሉ። በሌሎቹ መሸጫዎች ከሰማው ሁሉ ያነሰ፣ ለሁለቱም ወገን የሚገባ ዋጋ ነበር። ፈረመ፣ ከፈለ። ከወንበሩ ግን አልተነሣም።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ ልጄ?»

«ይበሉ፣ አባባ።»

«ነገ ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ። ዋጋውን ከፍ አድርጊላት።»

«ምን አሉኝ?»

«የቀነስሽልኝን ሁሉ መልሰሽ ጨምሪው። ከዚያም በላይ ጨምሪ። እሷ ታውርደው።»

«ሰው ቀንሺልኝ ብሎ ሲያስለቅሰኝ ነው የማውቀው። ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ጨምሪ ይላሉ?»

«ስለ ዋጋ ስትከራከር እሷው ናት» አለ ባርኔጣውን እያገላበጠ። «ሌላ ጊዜ ሁሉ… የለችም። እዚያ ውስጥ ልግባና ላግኛት ብዬ ነው።»

ሻጯ ጫማዋን በእግሯ ጠረጴዛ ሥር ፈልጋ አጠለቀች።

«ምን ያህል ላስቸግራቸው?»

«አትዘኚላት» አለ።

በማግሥቱ ጧት የሚስቱ ታናሽ እህት ልታለብሳት መጣች። «ጋሼ፣ የተገዛ መኪና ደግመህ ልትገዛ ነው? ምነው፣ አንዱ አይበቃህም?» አለችው። ዳቦና ሻይ አቀረበችለት። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምስ ባርኔጣውን አነሣ። «እንግዲያው ስትመለሱ ትበላለህ፤ ሾርባ ሠርቼ እጠብቃችኋለሁ» አለችው።

ጎረቤታቸው በመኪናው አድርሷቸው መሸጫው በር ላይ ሲደርሱ እንደ ድሮው ቀድማ እንድትገባ ተዋት። እሱ ውጭ ቆሞ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ መሰለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ። እትዬ ቀንሱ መኪናውን እየዞረች ታየዋለች።

«ስንት ነው?»

ሻጯ ሳታቅማማ ጣሪያ የነካ ዋጋ ጠራች። የእትዬ ቀንሱ ወገብ ቀና አለ። የሹራቧን ቁልፍ መፍታት ትታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጭስ ማውጫው የታለ?»

«ጭስ ማውጫ የለውም፣ እማማ።»

«ቤንዚን መቅጃውስ?»

«እሱም የለውም።»

«ሲነዱት ድምፅ አለው?»

«ምንም ድምፅ የለውም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጎድሎ ዋጋው እንዴት ሞላ? በይ የጎደለውን በሙሉ ቀንሺና ከዚያ እንነጋገር።»

አለቃው ከመስተዋቱ ጀርባ ወጥቶ በሩን ተደግፎ መስማት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ጠጋ ብሎ መኪናውን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ።

«እመቤቴ፣ ጣልቃ ገባሁ እንዳይሉኝ» አለ። «ማዶ ካለው መሸጫ በቅናሽ አይቼዋለሁ። ቀለሙም አቧራ ይስባል።»

ዞራ አየችው። ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር፤ የጨርቅ ተራዋ ልጅ ዓይን።

«ሰማሽ?» አለቻት ሻጯን። «እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም፤ ምን ሊጠቀሙ ይዋሹልኛል?»

ይህችን ቃል በስንቱ ሱቅ ብላታለች። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ጎማው ደፍቶ ጎማ የሚመረምር መሰለ፤ ጉንጩ እየራሰ ነበር። እዚህ አለች። ጨዋታው ሳይጎድል፣ ቃሏ ሳይዛነፍ አለች።

ሻጯ ቃሏን ጠብቃ በቀላሉ አልተበገረችም። እትዬ ቀንሱ ባትሪው ሲያረጅ ማን እንደሚለውጠው ጠየቀች። መቀመጫውን በጡጫዋ መታ መታ አድርጋ «ይሄ ስፖንጅ ነው ድንጋይ?» አለች። አንዴ ጥላ ወጣች፤ ከበር ጠርተው መለሷት። ዋጋው ወረደ፣ ደግሞ ወረደ፤ ልብስ ሰፊው ከፈረመበት ዋጋም በታች ሊሆን ደረሰ።

«እማማ፣ ከዚህ ካወረድኩ ከሥራ ያባርሩኛል» አለች ሻጯ፤ አሁን የምሯን ነበር።

«ቢያባርሩሽ እኛ ቤት ነይ። ክፍል አለን።»

አለቃው ሳቀ፤ «የወለል ምንጣፍ በነጻ ጨምሬያለሁ» አለና ክርክሩ አለቀ። እትዬ ቀንሱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀድማ ወጣች። ልብስ ሰፊው እንደ ደንባቸው ትንሽ ዘግይቶ ተከተላት።

መታጠፊያው ላይ ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። አጠገቧ ደርሶ ክንዱን ሰጣት።

ትንሽ ፈቀቅ አለችለት፤ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቀቅ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አለች።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አወቅሁዎት፤ እዚያ ውስጥ የረዱኝ እርስዎ ነዎት። ውለታዎን አልረሳም። አሁን ግን ይሂዱ፤ ባለቤቴ ይመጣል። እዚህ ነው የሚያገኘኝ። ሁልጊዜ መታጠፊያው ላይ ነው የምጠብቀው።»

ክንዱን ቀስ ብሎ መለሰው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም አንድ ጨዋታ ሲጫወቱ የነበሩ መስሎት ነበር። እሷ አልተጫወተችም። እውነቷን ነበር፤ አላወቀችውም።

አጠገቧ ቆመ። ሰው ባለፈ ቁጥር ከትከሻው በላይ ተንጠራርታ ታያለች፤ የምትፈልገው አይደለም፤ ተመልሳ ግድግዳውን ትደገፋለች። እሱም ከእሷ ጋር ሆኖ የራሱን መምጣት ጠበቀ። ብዙ ቆሙ።

«ባለቤትዎ ነው የላከኝ» አለ በመጨረሻ። «ሾፌር ነኝ። እሱ እቤት ነው።»

«ምነው አልመጣም?»

«ሥራ ይዞት።»

«አንድ እጅጌ ይዞት ይሆናል» አለች። «እስኪጨርሰው አይነሣም።»

መኪናው ከመሸጫው ጀርባ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። የፊቱን በር ከፈተላት፤ እሷ ግን የኋላውን ከፍታ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጠች። ያለ ድምፅ ተነሡ። አልደነገጠችም። ራሷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ማውራት ጀመረች።

«ባሌ ዋጋ አያውቅም። ሁሉን እሺ ነው የሚለው። ስፌቱን ግን ቢያዩት፣ ከውስጥና ከውጭ አይለይም። እኔ ሲከፋኝ ሳልነግረው ያውቅብኛል፤ መጥቶ አጠገቤ ይሰፋል። ምንም አይለኝም፤ ዝም ብሎ አጠገቤ ይሰፋል።»

«ነግረሽው… ይህን ነግረውት ያውቃሉ?»

«እንዴት ተደርጎ?» አለች እየሳቀች። «ባለቤቱ ፊት ዕቃ ይመሰገናል እንዴ? ዋጋ ይጨምርብኛላ።»

መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት አየ። መንገዱ ጭጋግ የለበትም፤ እሱ ግን ጥርት አድርጎ አላየውም።

ቤት ሲደርሱ የሾርባው ሽታ ከደረጃው ተቀበላቸው። ታናሽ እህቷ በሩን ከፍታ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች።

«እሱ የለም?» አለች እትዬ ቀንሱ።

«ማን? ይኸው…»

ልብስ ሰፊው ለእህትየዋ ራሱን ነቀነቀላት። ቃሏን ዋጠች።

«ይመጣል» አለች ቀስ ብላ።

ሦስት ሳህን ቀርቦ ነበር። ልብስ ሰፊው የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረና እግሩ እንደለመደው በመስኮቱ በኩል ወዳለው ወንበር ሄደ።

«እዚያ አይሆንም» አለችው እትዬ ቀንሱ፤ እጁን ሳትነካ በለዘብታ። «የእሱ ነው፤ ብርሃን ይፈልጋል። ወዲህ ይቀመጡልኝ። ፊትዎ ላይ ይታያል፣ ከጧት ጀምሮ አልበሉም። እንግዳ ሳይበላ ከቤቱ ሲወጣ እሱ ደስ አይለውም።»

በበሩ በኩል ያለውን ወንበር ሳበችለት። እህቷ ፊቷን አዙራ ምድጃው ላይ ምንም የሌለበትን ድስት ማማሰል ጀመረች። እትዬ ቀንሱ ጠረጴዛው ላይ ከቀረበው ሾርባ ጨልፋ ቀዳችለት፤ ከዳቦው ዳር ጠበስ ያለውን፣ የሚወደው መሆኑን ሳታውቅ፣ ቆርሳ አጠገቡ አኖረች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ተቀመጠና መብላት ጀመረ።