አልሻገርም ያለችው ታደለች

ባለፈው ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልጆቻችንን በአይሱዙ ጭነን ይምርሐነ ክርስቶስን እናስጎብኛቸው ተባለ። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ብለው ሲቃኙን ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ያኔ ታደለች ትዝ አለችኝ።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔና ታደለች ከሦስት የሰፈራችን ወንዶች ጋር የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልንፈተን ወደ ላሊበላ እየወረድን ነበር። ሰኔ ነው፤ የታረሰው መሬት በዝናብ ጠቁሮ ይሸታል፣ ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ፈተናው በማግስቱ ጠዋት ነው። ለታደለች ደግሞ ነገሩ ከሁላችንም ይብስ ነበር፤ አባቷ «ካለፍሽ ትማሪያለሽ፣ ከወደቅሽ ትዳሪያለሽ» ብለዋታል።

በእኛ አገር የሞላ ወንዝ የሚሻገሩት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው፤ ጉልበተኛው ከላይ በኩል፣ ደካማው መሀል። አንድ ሰው ከቀረ ሰልፉ ይሳሳል። ስለዚህ እምቢ ያለ ሰው የሁሉንም መንገድ ይዘጋል።

ትልቃችን ሲሳይ ሱሪውን ጠቅልሎ «ማነው የፈራ?» አለ። እስቲ ማን ይናገራል? እኔ ፈርቻለሁ፤ ግን ጫማዬን አውልቄ ክንዴን ሰጠሁት። ሌሎቹም ተከተሉ። ታደለች ስንቋን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ አልሻገርም።»

«ልታስቀሪን ነው?» አለ ሲሳይ። «በኋላ አባትሽ ሲድሩሽ እንዳታለቅሺ።»

«አለቅሳለሁ» አለች። «ግን በሕይወት ሆኜ ነው የማለቅሰው።»

ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ አኮረፍናት። ንቅንቅ አላለችም። ሲመሽ ወንዙ ዳር ካለ ቤት ተለምነን አደርን። ውሃው ሲነጋጋ ጎደለ፤ በሩጫ ብንደርስም የመጀመሪያው ፈተና አምልጦን ነበር። እኛ እንደምንም አለፍን፤ ታደለች ወደቀች።

ጥር ላይ ሠርጓ ተበላ። ድንኳኑ ውስጥ ሲሳይ ጠጋ ብሎኝ «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር፤ አንዳችሁ ይቅር እስክትሉ ነበር የምጠብቀው» አለኝ። ሌሎቹን ሁለት ልጆችም ጠየቅኋቸው፤ እነሱም እንደዚያው። ለካ መሻገር የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም! የሁላችንንም ፍርሃት እሷ ብቻዋን ተናግራ፣ እሷው ብቻዋን ከፈለችበት። የዚያ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሰብሳቢው «እንግዲያው በሙሉ ድምፅ…» ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«እርስዎ ብቻ ነዎት?» አሉኝ።

«ለጊዜው» አልኳቸው።