የተዋጠ ድምፅ

ትናንት ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ የጓደኞቹን ዘፈን ሲያቀናብር ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ከበሮው ለብቻው፣ ክራሩ ለብቻው፣ ድምፁም ለብቻው በየመስመሩ ተደርድሯል። «እማ፣ ድምፁ ከተዋጠ ይቺን ወደ ላይ መግፋት ነው» አለኝና የዚያን መስመር ድምፅ መጨመሪያ ገፋት። ዘፋኟ ከከበሮው ሥር ብቅ አለች። የእኔ ፊት ግን ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሐይቅ ከተማ። ለአውራጃው የኪነት ቡድን ተመርጬ፣ ደሴ ለመሄድ የቀረኝ የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ሶላት የማያልፈው ቁጥብ ሰው። «ጎረቤት ባለበት ልስማሽና ካላሳፈርሽኝ ትሄጃለሽ» አለ። ሴት ልጅ አባቷ ፊት ቆማ መዝፈን ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው። ስለዚህ በካሴት ሊሰማኝ ተስማማን።

ክራር የሚጫወተው የአጎቴ ልጅ ሁለት ቴፕ ተውሶ መጣ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው፤ ክፍሉ የሱፍና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ያዘ። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን አምባሰል ዘፍኜ ተቀዳሁ። ከዚያ አንዱ ቴፕ ያንን ሲያጫውት እሱ ክራሩን መታ፤ ሌላው ቴፕ ሁለታችንንም ባንድ ላይ ቀዳ። ያንን መልሰን እያጫወትን ከበሮ ጨመርን፣ በመጨረሻም ጭብጨባና ተቀባዮች። በእኛ አገር ዘፈን አውጪው ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል፤ ሌላ ቅደም ተከተል መኖሩንም አላሰብን። ቴፕ የቀደመውን በየቅጂው እያሰመጠ እንደሚሄድ ማን ነግሮን። ስናዳምጠውም እኔ ግጥሙን በቃሌ ስለማውቀው የጎደለ ነገር አልታየኝም።

ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ቴፑ ሽሽሽ አለ፣ ከበሮው ደለቀ፣ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እኔ የለሁም። አንዲት ሴት ከሐይቁ ማዶ ሆና የምትጣራ ይመስላል፣ ያውም ነፋስ ባለበት ቀን።

«ልጅቱ የታለች? ወላሂ፣ እኔ የምሰማው ከበሮ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

አባቴ ቴፑን አጠፋው። «ነይ ውጪ፣ ሆዴ። ራስሽ በይልን፤ ፈቅጃለሁ» አለ።

ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ደግሜ ሞከርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሁሉም እኔን ያያል፣ እኔ የገዛ እግሬን አያለሁ።

ያኔ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲያንጎራጉር እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ሰው፣ እዚያው በተቀመጠበት አምባሰልን አወጣ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ዜማውን ግን አንድም ቦታ አልሳተም። የሰዉ ዓይን ሁሉ ከእኔ ላይ ተነሥቶ ወደ እሱ ዞረ። ስንኙን ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «በይ ተቀበይኝ» አለ።

አልተቀበልኩትም። ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ብቻውን ጨረሰው።

ደሴም ሳልሄድ ቀረሁ። እሱም ከዚያ ወዲያ ሲዘፍን አልሰማሁትም፤ ስለዚያ ቀንም አንስቶብኝ አያውቅም። ካረፈ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ የእሱን ስንኝ በልቤ እስከ መጨረሻው አስብለውና፣ ቀስ ብዬ እቀበለዋለሁ።