የሹፌሩ ሳቅ

ሰውየው ሹፌር ነው፤ ሌላ ነገር ነኝ ብሎም አያውቅም። የአንድ ተከታታይ ድራማ ተዋንያንን በሚኒባስ ሲያመላልስ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ታዲያ እዚያ ድራማ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም። የሁሉም ምላስ ጤፍ ይቆላል። ሐኪሙ በነገር ይመልሳል፣ ሌባው በነገር ይመልሳል፣ የአራት ዓመት ሕፃን ሳይቀር አሽሙር ያውቃል። «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ደህና» ብሎ የሚያልፍ አንድ ፍጡር በመብራት ቢፈለግ አይገኝም።

የዚህ ሁሉ ሰበብ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሹፌሩ ነው። ደራሲው ጠዋት ጠዋት ከጎኑ ይቀመጥና «ጋሼ፣ ይቺን ስማኝማ!» እያለ የጻፈውን ያነብለታል። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይስቃል። እንዴት አይሳቅ! ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ አፍ አፍህን ሲያይህ ዝም ይባላል? እውነቱን ለመናገር ግማሹ አይገባውም። ይሉኝታ የሚባል ነገር ግን አለ። ደራሲው ታዲያ ጋሼ የሳቀበትን ያስቀራል፣ ያልሳቀበትን ይሰርዛል። ጋሼ ያልሳቀበት ደግሞ የለም።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ትነጫነጫለች። «አሁን እንዲህ የሚያወራ ሰው የት አለ? ምን ዓይነቱ ነው ይሄን የሚያሳልፈው?» ትላለች። እሱ አቀርቅሮ ጫማውን ይፈታል።

አንድ ቀን አዲስ አለቃ መጣች። ተዋንያኑ ሁሉ መኪና አላቸው፣ ሚኒባሱም ሹፌሩም ይቅሩ አለች። ሹፌሩ ክው አለ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ማን ይቀጥረዋል? ደራሲው ግን ሽንጡን ገትሮ ተሟገተለት። «ጋሼ ማለት እኮ ተመልካቹ ነው! እሱ የሳቀበት ነገር ከሽፎ አያውቅም» አለ። አለቃዋም «እንግዲያው ሰኞ የድርሰቱ ንባብ ላይ ይቀመጥና ልየው» አለች። የሹፌሩ እንጀራ ሳቁ ላይ ተንጠለጠለ።

ሰኞ ሁሉም ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። የሚነበበው ክፍል ከአባቱ ተጣልቶ የጠፋ ልጅ ከዓመታት በኋላ ቤቱ ሲመለስ የሚያሳይ ነው። አባትና ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመው አሥራ አንድ ጊዜ በነገር ይጎሻሸማሉ። ሰዉ ሳቀ፣ አንዷማ ጠረጴዛውን ደበደበች። ሹፌሩን ግን ሳቁ እምቢ አለው።

አለቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምነው ጋሼ፣ አልጣመህም?»

ላብ አጠመቀው። «የኔም ልጅ እንዲህ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን በር ስከፍት ቆሟል። ደስታው አፌን ያዘኝ፣ ቃል ከየት ይምጣ! ‹በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል› ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።»

ደራሲው አሥራ አንዱንም ሰርዞ ያቺኑ የጋሼን ቃል ጻፈ። አለቃዋ ሹፌሩን እያየች «ይኼ ሰውዬ ይቆይልኝ» አለች። ሹፌሩ እፎይ ብሎ መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ነዳ።

ክፍሉ በተላለፈ በሳምንቱ አገር ምድሩ ያቺን አባባል ይዟት ቁጭ አለ። አርፍዶ ለገባ ሠራተኛ፣ ስብሰባ ላቋረጠ ጎረቤት፣ ኮረዳ ለምታባርረው ፍቅረኛ፣ ለሁሉም «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል!» ከዚያ ሳቅ። ምን ይደረግ፣ ተዋናዩ እንደለመደበት ቅንድቡን ሰቅሎ ነዋ ያላት! ደግሞስ ከዘጠኝ ዓመት አሽሙር በኋላ፣ እዚያ ድራማ ላይ አንድ ሰው ከልቡ ይናገራል ብሎ ማን ይጠርጥር?

እሑድ ከምሳ በኋላ ድራማው ሲደገም ሹፌሩ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ሶፋው ላይ ነበር። አባትየው በሩ ላይ ያቺን ሲናገር ባለቤቱ፣ ልጃቸው የተመለሰ ቀን ቤት ያልነበረችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። «እሰይ፣ ዛሬስ አሳቁኝ!» አለች።

ልጁ ግን ስክሪኑ ላይ ፈዞ ቀረ። ቆይቶ ወደ ሹፌሩ ዞረ።

«አባዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያኔም ቀልድህን ነበር እንዴ?»

ሹፌሩ ደነገጠ። ኧረ በጭራሽ፣ እንባዬ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው ሊል ነበር፤ ልቡ ያለው ይህንን ነው። ከአፉ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። ልጁም አባቱን ላለማሳፈር ብሎ አብሮት ሳቀ።