የአባቴ እርምጃ በሌላ ሰው ድምፅ

አባቴ ከሞተ በኋላም በቴሌቪዥን ይራመዳል። ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ ካለው ቤታችን ወደ ዋናው መንገድ በምትወርደው ቀጭን መንገድ ላይ በማያ ገጹ ግራ ይገባና በቀኝ ይወጣል። ስለ ቡና ጥራት በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ስለ ሰላም በተሠራውም፤ ስለ አረጋውያን ጤና በተሠራው ደግሞ ሁለት ጊዜ። በአንዳቸውም ውስጥ አይናገርም። ተራኪው በላዩ ይናገራል።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስለማስተምር የአካባቢውን ታሪክና አኗኗር የሚያሳዩትን እነዚህን ፊልሞች የማየት ግዴታ አለብኝ። ሁሉም በጉም ይጀምራሉ፣ ሁሉም በጭፈራ ያልቃሉ። በጉሙና በጭፈራው መካከል ያለው ሕዝብ ተከባብሮና ተቻችሎ ይኖራል። ማን ማንን እንደቻለ አይነገርም።

አባቴ ሊናገር የፈለገው ይህንኑ ነበር። አያቴ ከሰሜን በሹመት የመጣ ሰው ነው። ቤታችን የቆመበትን ኮረብታ ቃላድ የሚባለውን የመለኪያ ገመድ አስጥሎ አስለክቶ ወሰደው። ኮረብታው ባዶ አልነበረም፤ የአንድ ጌዴኦ ገበሬ የእንሰት ጓሮ ነበር። ገበሬው ከዚያ በኋላ በገዛ እንሰቱ መካከል ጭሰኛ ሆኖ ኖረ። ጭሰኝነት ሲቀር የገበሬው ልጅ፣ የዛሬው ጎረቤታችን፣ ከአጥራችን ጀርባ የራሳቸውን ጎጆ ሠሩ፤ አሁንም እዚያው ናቸው። እሳቸውና አባቴ እኩያሞች ነበሩ። አብረው አድገዋል፣ ለቅሶና ሠርግ ተደራርሰዋል፣ በጌዴኦ ቋንቋ በጌዴኡፋ ተሰዳድበው በአማርኛ ታርቀዋል። ስለ ጓሮው ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድም ቃል ተነግሮ አያውቅም።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች የከተማዋን ታሪክ ከአንጋፋ ነዋሪዎች መስማት እንፈልጋለን ብለው ሲደውሉ፣ ጡረተኛው አስተማሪ አባቴ የሚለውን ወስኖ ጨርሶ ነበር።

«አባዬ፣ አጥሩን ተሻግረህ ብትነግራቸው ይቀልሃል» አልኩት።

«ስሚኝ፣ በጓዳ የተወሰደ ነገር አይደለም። በአደባባይ፣ በገመድ ተለክቶ ነው የተወሰደው። በጓዳ አይመለስም።»

«እንግዲያው ሶንጎ ሄደህ ተናገር።» ሶንጎ ሽማግሌዎች በትልቅ ዛፍ ሥር የሚቀመጡበት የጌዴኦ ሸንጎ ነው፤ ጎረቤታችን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፣ አባቴም በእንግድነት ብዙ ጊዜ ተቀምጦበታል።

«ሶንጎ የሚሰማኝ የተበደለው ወገን ነው። የበዳዩ ልጆች ሶንጎ አይሄዱም፤ ቴሌቪዥን ግን ያያሉ» አለኝ።

በሎጂኩ ውስጥ ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁ። ስንጥቁ ሌላ ቦታ ነበር።

ቀረጻው ረፋዱን ወሰደ። ጋዜጠኛ ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ አይናገርም፤ ድምፁ ከተናጋሪው ድምፅ ጋር እንዳይቀላቀል ራሱን ብቻ በአዎንታ ይነቀንቃል። የሙያው ልማድ ነው። አባቴ ይህን ልማድ በሶንጎ ወግ ተረጎመው። በሶንጎ ተናጋሪ አይቋረጥም፤ ዝም ብሎ የሰማና ራሱን የነቀነቀ ሰው ቃሉን ተቀብሏል፤ የተቀበለውን ቃልም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አባቴ ስለ ቃላዱ፣ ስለ ገበሬው፣ በልጅነቱ ስለበላው ቆጮና የቆጮውን እንሰት ማን እንደፋቀው ሲናገር፣ ወጣቱ ጋዜጠኛ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር የአባቴ ፊት እየተፈታ ሄደ። እንደዚያን ቀን ቀልሎት አይቼው አላውቅም።

ሲጨርስ ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ከኮቱ ፈታለት።

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ። አሁን ደግሞ ትንሽ ይራመዱልን። ካሜራውን እንዳያዩት።»

«የት ልሂድ?»

«የትም አይሂዱ፤ ዝም ብለው ብቻ ይሂዱ።»

«ዕድሜ ልኬን በዚህ መንገድ ስሄድ ማንም ዞር ብሎ አላየኝ። ዛሬ ነው መሄዴ የታወቀው?»

ካሜራ የያዘው ልጅ እየሳቀ «ኧረ ጋሼ ተዋናይ ነዎት! አንዴ ይድገሙልን፣ ሞተር ሳይክል ገባብን» አለ። አባቴ ደገመለት።

ፊልሙ የሚተላለፈው እሑድ ከሰዓት ነበር። አባቴ ጎረቤታችንን ከነባለቤታቸው ጠራ። እሳቸው የሶንጎ ቀን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ባለቤታቸው ገና እጥፋቱ ያልጠፋ ነጠላ አድርገው መጡ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ወንበሮች የተተዉት ለእነሱ ነው። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ጉሙ መጣ። የቆሙት ትክል ድንጋዮች መጡ። ቀጥሎም አባቴ ከዘራውን ይዞ በግራ ገባ፣ ተራኪውም በዚያ ወፍራም ድምፁ «አንጋፋ ነዋሪዎች እንደሚመሰክሩት፣ በዚህ ምድር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ በፍቅርና በመቻቻል ኖረዋል» አለ። አባቴ በቀኝ ወጣ። የወርቃ አካባቢ ቡና ለቃሚዎች ተተኩ። አባቴ ይመለሳል ብለን ጠበቅን። ጭፈራው መጣና አለቀ።

«መምህር» አሉ ጎረቤታችን፣ «ጥሩ ትሄዳለህ። ጉልበትህ ገና ነው።»

ባለቤታቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ተናግሬ ነበር» አለ አባቴ።

«ምን?»

«ተናግሬ ነበር።»

ጎረቤታችን አልተነሡም። እጃቸውን በከዘራቸው ላይ ደራርበው አባቴን ይመለከቱት ነበር። ዜናው ተጀመረ። አባቴ ሌላ ቃል አልጨመረም። በመጨረሻ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ነካ አደረጓቸውና ወጡ።

ለምን እዚያው እንዳልነገራቸው ስጠይቀው፣ «ተቆርጦ የወደቀ ቃል ሲደገም ሰበብ ይመስላል» አለኝ። ቀጥሎም በአስተማሪ እርግጠኝነት «ክፍል ሁለት ይኖረዋል» አለ። ከዚያ ጀምሮ በየእሑዱ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ክፍል ሁለትን ጠበቀ። ፊልሙ ክፍል ሁለት አልነበረውም። አባቴ በክረምቱ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ጣቢያው ሄድኩ። ፊልሙን ያቀናበረችው ወጣት በአክብሮት ተቀበለችኝ።

«ዶክተር፣ ቃለ መጠይቁ የለም። የካሜራው ካርድ ላይ ሌላ ሥራ ተቀርጾበታል። አረማመዳቸውን ግን አስቀምጠነዋል፤ እንደሳቸው የሚራመድ ሰው አላገኘንም፣ ለማጀቢያ ምስል በጣም ይጠቅመናል።»

«ንግግሩ ለምን ወጣ?»

«ረዘመ። ደግሞ ፊልሙ ስለ አብሮነት ነበር።»

«እሱም የተናገረው ስለ አብሮነት ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ያለ ክፋት «እርስዎ እዚያ ነበሩ አይደል? በስልክዎ አልቀዱም?» አለችኝ።

ያን ቀን ስልኬ በእጄ ነበር። ባለሙያ እየቀዳ እኔ መቅዳቴ ትርፍ ሥራ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

ባለፈው በጋ ጎረቤታችን ለዐይን ሕክምና ዲላ መጡ። ቀጠሯቸው እስኪደርስ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ከግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ይሠራ ነበር። የደከመ ዐይናቸው ከእኔ ቀድሞ አየው።

«መምህር መጣ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ይኼ ሰውዬ ሞቶም አይደክመው?»

ሁለታችንም ከግራ ወደ ቀኝ ሸኘነው።

«ያን እሑድ ‹ተናግሬ ነበር› ሲል፣ ምን ብሎ ኖሯል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በተናገረበት ቅደም ተከተል፣ በራሱ ቃላት፣ ምንም ሳልጨምርና ሳላለዝብ ነገርኳቸው፤ ቃላዱን፣ አባታቸውን፣ ቆጮውን። ትክክል መናገር የምችለው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«እናውቃለን» አሉ። «የቱ እንሰት በየቱ ጥግ እንደነበረ ዛሬም ቆሜ ላሳይሽ እችላለሁ። ያን ቀን እኛ ወሬ ፍለጋ አልመጣንም። ከአፉ ልንሰማ ነው የመጣነው። ምን ሊል እንደጠራን ገብቶን ነበር።»

«አሁን ከእኔ ሰምተዋል።»

«ካንቺ ሰማሁ፤ ተባረኪ። አንቺ ግን አስተማሪ ነሽ፣ ይኼን ለሁሉም ትናገሪያለሽ።» ብርጭቋቸውን አነሡ፤ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። «እሱ ቢል፣ እኔም የምለው ነገር ነበረኝ። ኮቱን የለበስኩት ለዚያ ነው።»

«ምን ነበር የሚሉት?»

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። አባቴ ወጥቶ ሴቶች በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ይለቅሙ ነበር።

«ለሱ ነበራ» አሉ።

ሐኪም ቤቱ ድረስ ክንዳቸውን ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸው። ስለ ሞተሩ ብዛት፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ተቆርጦ የቀረው የአባቴ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር።