ከሩቅ የሚጠራ ስም

በአሮጌው የከተማ ግንብ፣ ፈላና በር አጠገብ ማንጎ የምትሸጠው ሂክማ በየምሽቱ የሚመጣውን ሰውዬ ስም አታውቅም። የምታውቀው ከሥራ መልስ አሮጌ ኮቱን እንደ ሕፃን አቅፎ መምጣቱን፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ግንቡ ሥር መቆሙንና «አትላስ፣ ና ግባ መሸ» እያለ መጣራቱን ነው። የሚመጣ ልጅ የለም። እሱ ግን ፊቱ አይጠቁርም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ደግሞ ይጣራል።

መጀመሪያ ልጅ የጠፋበት መስሏት አንጀቷን በልቷት ነበር። በኋላ አላስችል ሲላት ጠየቀችው።

«ገና አልተወለደም፣ እናቴ» አላት እየሳቀ። «ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። ስሙ ከሩቅ ይሰማ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው። አትላስ በጥንት ግሪኮች ተረት ሰማይን በትከሻው የተሸከመ ግዙፍ ነው። እዚህ ሰፈር በዚህ ስም የሚጠራ የለም።»

«አቦ፣ ላልተወለደ ልጅ ሰማይ ታሸክመዋለህ? ወላሂ ይከብደዋል።»

«አግዘዋለሁ። ጸጉሬ እስኪሸብት የቆየሁት ጉልበት ሳጠራቅም ነው።»

ትናንት ሊጣራ አፉን ሲከፍት፣ ከግንቡ ወዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ ቀደመው።

«እሹሩሩ፣ አትላስዬ፣ እሹሩሩ።»

ሕፃን አለቀሰ። ሂክማ ክው አለች። በየምሽቱ ሲጣራ የሰማች አንዲት ወላድ ስሙን ወስዳበታለች። ቀና ብላ ሰውየውን ማየት ፈራች።

እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጆሮውን ወደ ግንቡ አዘነበለ። ሕፃኑ ዝም እስኪል አዳመጠና ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ለካ ከሩቅ ይሰማል» አላት።