ሟቹ ራሳቸው በር ከፈቱልን

ዛሬ ጧት ሰሜን ክፍለ ከተማ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ በሩን የከፈቱልን ሟቹ ናቸው።

መምህር ሓጎስ ማረፋቸውን የድሮ ተማሪያቸው ፌስቡክ ላይ ለጥፎት አይተን ነው። ከፎቷቸው ሥር ሻማ ነበረበት፤ ሻማ ካለ ማን ያጣራል?

ለተብርሃን የምትባለው ጎረቤታቸው ፊት ለፊት እያየቻቸው፣ "ኧረ መምህር፣ ይህ ሁሉ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል እኮ!" ብላ ተከራከረቻቸው።

እህታቸው ግን እያለቀሱ ከውቅሮ ተነሥተዋል። መምህሩ ራሳቸው ደወሉላቸው።

"ወንድሜ ሞቷል፤ አንተ ደግሞ ማን ነህ?"

"አንቺ ደረቅ! በልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ!"

ይኼኔ አመኑ።

"የለጠፈውን ልጅ ጽሑፉን አጥፋው ልበለው?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ኮሜንቱን ያነባሉ።

"ትንሽ ይቆይ። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ያላመሰገነኝ ርእሰ መምህር ገና አልጻፈም።"

እናንተስ፣ ሳይሞት ያለቀሳችሁለት ሰው አለ?